ጡብና እሳት በሎጋን ሰርክል

ከአገሩ ሽብር ሸሽቶ ያመለጠ ሰው በተሰደደበት አገር ሌላ ሽብር ሲገጥመው በምን ዓይን ያየዋል? ዲናው መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2007 በእንግሊዝኛ ያሳተመው፣ ርእሱን ከዳንቴ የወሰደውና «ሰማይ የተሸከማቸው ውብ ነገሮች» ተብሎ ሊመለስ የሚችለው ልብ ወለድ ይህን ጥያቄ ያነሣል።

ባለታሪኩ ሴፋ እስጢፋኖስ በቀይ ሽብር ዘመን ወታደሮች አባቱን ደብድበው የወሰዱበት ኢትዮጵያዊ ነው። በዋሽንግተን፣ በሎጋን ሰርክል አነስተኛ ሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ይዞ ይኖራል። ሰፈሩ እ.ኤ.አ. በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ ጊዜ በተነሣው ሁከት ከተቃጠለው ከ14ኛው ጎዳና አጠገብ ነው፤ ድህነቱም ከዚያ ወዲህ ሥር ሰዷል። ጁዲት የምትባል ነጭ ምሁር የፈራረሰ ቤት ገዝታ፣ አሳድሳ፣ ከትንሿ ልጇ ከናኦሚ ጋር ትገባለች። ድኾቹ ተከራዮች በበኩላቸው ከየቤታቸው ይባረራሉ። ከዚያ የመኪናዋ መስተዋት በጡብ ይሰበራል፤ ኋላም ቤቷ ይቃጠላል።

ሴፋና ሁለቱ ወዳጆቹ፣ ኬንያዊው ኬኔትና ኮንጓዊው ጆሴፍ፣ አንድ ጨዋታ አላቸው። አንዱ የአፍሪካን አምባገነን ስም ይጠራል፤ ሌሎቹ አገሩንና የመፈንቅለ መንግሥቱን ዓመት ይናገራሉ። በእኔ አስተያየት የመጽሐፉ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሸሹት ግፍ ስምና ዓመተ ምሕረት አለው፤ ስለዚህ ሊስቁበትም ይችላሉ። በሌሊት የተወረወረው ጡብ ግን ባለቤት የለውም፤ ለእርሱ የሚሆን ጨዋታ አላበጁም። የአሜሪካ ሲኒማ ወንጀልን በሽጉጥና በፖሊስ ጩኸት ያስለመደን አንባቢዎች ይህ ዝምታ ያስደነግጠናል። ተውኔት ጸሐፊ እንደ መሆኔ ወርዋሪውን ቶሎ መድረክ ላይ ባወጣሁት ነበር፤ ዲናው ግን ከመጋረጃ በስተጀርባ አቆይቶታል። ደግ አድርጓል። ሴፋ የተባረሩትን ድኾች ቂም ያውቃል፤ ቂሙ ያነጣጠረባትን ሴት ደግሞ ይወዳል። ስለዚህ ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ ዝም ይላል። ፈሪ ነው የሚሉት ይኖሩ ይሆናል፤ እኔ ግን አንድ ጊዜ መናገር ምን እንደሚያስከፍል ያየ ሰው ዝምታ ሆኖ ታይቶኛል።

ቅሬታዬ በእሳቱ ላይ ነው። ደራሲው እስከዚያ ድረስ ያን ያህል ታግሦ መጥቶ ቤቱን የለኮሰውን ሰው በጥቂት ገጾች ብቻ ያሳልፈዋል። እርሱና ሴፋ በባንኮኒው ወዲያና ወዲህ ቆመው የሚነጋገሩበት አንድ ረዘም ያለ ትዕይንት ቢኖር እንዴት በወደድሁ! ሁለቱም ከቤታቸው የተባረሩ ሰዎች ናቸውና።