ስለ ሎግሌቭል ጥቂት ትችት

በዚህ ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምንተቸው መጽሐፍ ነው። ዛሬ ያነሣነው ግን ሎግሌቭል የተባለውን የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ነው። ሥራው አጭር ነው፤ አንድ ድረ ገጽ ብራውዘር ውስጥ ሆኖ የሚያደርገውን በየደረጃው እየለየ ኮንሶል ላይ ይጽፋል። ይሄ ለእኛ ምን ይፈይዳል እንደምትሉ እናውቃለን። እኛም ከማታ ትምህርቱ ምዝገባ በፊት እንደዚያው ነበር የምንለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋሄን ገበያ አጠገብ በምናስተምርበት ክፍል ተማሪ የምንመዘግብበትን ገጽ የሠራነው ራሳችን ነን። ትምህርት በተጀመረ ዕለት አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ስሟን ብንፈልግ «አልተገኘም» አለን። ተመዝግባለች አሉ፤ የለችም አልን። በማግስቱም መጡ፣ ያው ሆነ። ገጹ ስሕተት አለብኝ አላለም፣ ቀይ ነገር አላሳየም፤ እኛም ከሰው ይልቅ ማሽኑን አመንን። ቦታዋ ለሌላ ልጅ ሊሰጥ አንድ ቀን ነበር የቀረው።

ስሕተቱን ስንፈልግ መጀመሪያ እንደ ልማዳችን በየመስመሩ አለርት ከተትን። አለርት ገጹን ቀጥ አድርጎ ያቆማል፤ «እሺ» ካላሉት አይንቀሳቀስም። ዝርዝሩ ስልሳ ስም ካለው ስልሳ ጊዜ እሺ ማለት ነው። አሥረኛው ላይ ሲደርሱ የመጀመሪያው ምን እንዳለ ማን ያስታውሳል? በሎግሌቭል ግን የተፈለገውንና የተመዘገበውን ስም ከነፊደላቸው ቁጥር ጎን ለጎን አስጻፍን። አንደኛው በ1220 ይጀምራል፣ ሌላው በ1230። ለካ አንዱ መዝጋቢ በንጉሡ ሠ፣ ሌላው በእሳቱ ሰ ጽፏል! ዓይናችን ሁለቱንም አንድ አድርጎ ሲያነባቸው ነው የከረመው። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ የየራሱን ቁጥር ይዞ ስለገባ፣ ለኮምፒዩተሩ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። መፍትሔው ለፍለጋ ብቻ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነቤታቸው ማምጣት ሆነ። የተመዘገበውን ስም ግን አልነካነውም። ስም የባለቤቱ ነው፤ ከአገር ቤት ከመጣው የትምህርት ማስረጃ በአንድ ፊደል ቢለይ ሰውን ምን ያህል እንደሚያመላልስ የምታውቁት ናችሁ።

ታዲያ ይህን በተራ ኮንሶልም መሥራት አይቻልም ወይ? ይቻላል። የላይብረሪው ቁም ነገር ማስጻፉ ሳይሆን ዝም ማሰኘቱ ነው። ትሬስ፣ ዲበግ፣ ኢንፎ፣ ዋርን፣ ኤረር የሚሉ አምስት ደረጃዎች አሉት። ስሕተት ስንፈልግ ዝቅ አድርገን ሁሉን እንሰማለን፤ ሥራ ሲጀመር ከፍ አድርገን ኤረርን ብቻ እናስቀራለን። የጻፍነውን አንድ በአንድ እየዞሩ መሰረዝ ቀረ። መልእክቱ ከየትኛው ፋይል፣ ከስንተኛው መስመር እንደመጣም አያጠፋም። ኮንሶልን በራሳቸው ፈንክሽን የሚጠቀልሉ ሌሎች ላይብረሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት የራሳቸውን መስመር ነው።

መልእክቱ ምን ይበል ለሚለው ተማሪዎቻችንን በዛድ ነው የምናስረዳቸው። ሀርጌሳ ውስጥ በስልክ ገንዘብ ስትልኩ መልእክት ይመጣል፤ ለማን፣ ስንት፣ መቼ። ባለሱቁ አልደረሰኝም ካለ ስልክ ይወጣል፣ ክርክሩም ያልቃል። «እዚህ ደረስኩ» የሚል ሎግ ግን ማንንም አያስታርቅም። (እኛም «እዚህ 1»፣ «እዚህ 2» እያልን ስንት ዘመን ጽፈናል።)

አሁን ወደ ቅሬታችን። አንደኛ፣ ሎግሌቭል ካልነገሩት ከዋርን በታች ያለውን አይጽፍም። ተማሪው በዲበግ ይጽፋል፣ ምንም አይመጣም፣ ተበላሽቷል ብሎ ወደ አለርቱ ይመለሳል። ሁለተኛው የባሰ ነው። ሴትሌቭል ብለን ደረጃውን ስንቀይር ብራውዘሩ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል፤ ገጹ ተዘግቶ ቢከፈትም አይጠፋም። የግል ኮምፒዩተር ላለው ሰው ይህ ምቾት ነው። የእኛ ኮምፒዩተር ግን ከጠዋት እስከ ማታ የስንቱ እጅ የሚፈራረቅበት ነው። አንድ ቀን ዲበግ ላይ ትተነው ሄድን፤ በማግስቱ በኮንሶሉ ሲለማመድ የነበረ ተማሪ የተመዝጋቢዎችን ስምና ስልክ ቁጥር አነበበልን። ልጁ ጨዋ ነው፣ ወዲያው ጠራን። ስልኩ እንዲታወቅበት የማይፈልግ ስደተኛ ግን እንዳለ መናገር አያሻንም። ከሴትሌቭል ቀጥሎ ፎልስ የምትል አንዲት ቃል ብትጨመር ደረጃው አይቀመጥም ነበር። መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ እስከ መጨረሻው ያላነበብን እኛ ነን። ቢሆንም የማይቀመጠው መደበኛው፣ የሚቀመጠው በምርጫ ቢሆን እንወድ ነበር።

ከሎግሌቭል በፊት ሎግፎርጃቫስክሪፕት የሚባል ነበር። ትልቅና የቆየ ነው፤ ነገር ግን ሎጉን እዚያው ገጹ ላይ ማሳየት ስለሚችል ኮንሶል በማይከፈትበት ስልክ ላይ ዛሬም ይረዳል። ሎጉን በኢንተርኔት ወደ ሰርቨር የሚልክበት መንገድም አለው፤ ይቺን እኛ አንጠቀምባትም። ስሙን ያወረሰው ሎግፎርጄ በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያስደነገጠው፣ እንዲጽፍ የተሰጠውን ጽሑፍ እንደ ትእዛዝ ሊያነብ መቻሉ ሲታወቅ ነው። እርግጥ እሱ የጃቫ ነው፣ ብራውዘር ውስጥ አይገባም።

አሁን በእኛ ገጽ ሎግ ውስጥ ስም አይገባም፤ የምዝገባ ቁጥር ብቻ ይገባል። ፊደል መፈተሽ ካስፈለገ የፊደሉን ቁጥር እንጂ ስሙን አናስጽፍም፤ ከስልክም የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች ብቻ ነው የምናሳየው። ፊደል የሚያመሳስለውን ኮድ ከነሎጉ የሚፈልግ መምህር ካለ፣ ከሰዓት በኋላ ክፍላችን ፍላሽ ይዞ ይምጣ።