ሰሙ ሲጣመም

የዶናልድ ሌቪንን «ሰምና ወርቅ» አንብባችሁ ከሆነ መንዛችንን አግኝታችሁበታል። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ በመካከላችን ኖሮ ያጠናውን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። ላይ ላዩ ሰም፣ ውስጡ ወርቅ የሆነውን የቅኔ መንገድ አንሥቶ የአማራውን አነጋገርና ኑሮ ያይበታል። ስለ አነጋገራችን አብዛኛው ልክ ነው። (ተጠራጣሪነታችንን ግን ትንሽ ያበዛብን ይመስለኛል።)

እኔን የሚያሳስበኝ ምሳሌው ወደ ስብከታችን ሲገባ ነው። ሥጋ ሰም፣ ነፍስ ወርቅ፤ እንግዲህ ሰሙ ይቅለጥ እንላለን። እኔም ብያለሁ። አንድ የኅብረታችን ወጣት ከወር በላይ እያሳለ፣ በዚያ ብርድ የአዳር ጸሎት ሲመላለስ፣ «በርታ» ያልኩት እኔ ነኝ። ጤና ጣቢያ የወሰዱት እናቱ ናቸው። የሳንባ ነቀርሳ ነበር፤ ስድስት ወር መድኃኒት ወስዶ ዳነ። ሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል መመርመር እንዳለበት ግን አስቀድሜ ሰምቼ ነበር።

እስቲ አንጥረኛን ጠይቁ። ጌጡን መጀመሪያ በሰም ይቀርጻል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ የሚፈስሰው ሰሙ በተወው ቦታ ነው። ሰሙ ከተጣመመ ወርቁም ይጣመማል። እኛ ምሳሌውን የያዝነው ከግማሹ ነው።

1ኛ ነገሥት 19ንም ክፈቱ። ኤልያስ ሞትን ሲለምን ቀድሞ የመጣለት ተግሣጽ አልነበረም፤ እንቅልፍ፣ እንጎቻና ውሃ፣ ደግሞ እንቅልፍ፣ ደግሞ እንጎቻ። ወደ ኮሬብ አርባ ቀን የተጓዘው ከዚያ በኋላ ነው።

ያ ወጣት ዛሬ የአዳር ጸሎቱን ይመራል። ባና ወይም ጋቢ ሳይዝ የመጣውን ከበር ይመልሳል።