ቆጮ ያልቀረበበት ማዕድ

ዲላ ውስጥ ከአንድ የጌዴኦ ቤተሰብ ጋር ቆጮ ስቆርስ አንድ ነገር ከነከነኝ። በአማርኛ እንጀራ ምግብ ብቻ አይደለም፤ ኑሮም ነው። ሥራ ፈላጊው «እንጀራ ፍለጋ» ይወጣል፤ እናቱ የሞተችበትን «የእንጀራ እናት» ታሳድገዋለች። ቆጮስ? ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ የሚብላላው፣ ድርቅ የማይበግረው የእንሰት ፍሬ ነገር ባነበብኳቸው ልቦለዶች ውስጥ የአገር ማሳያ ጌጥ እንጂ ትርጉም ተሸካሚ ሆኖ እምብዛም አልገጠመኝም። እኔም ብሆን ስለ ዲላ በጻፍኳት አጭር ልቦለድ የጌዴኦውን ገበሬ እንጀራ አብልቼዋለሁ!

እንሰትና ቡና ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር አብረው የሚያድጉበት የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ቅርስነት ተመዝግቧል። የቀረው የድርሰታችን መዝገብ ነው። በአማርኛ የሚጽፍ የጌዴኦ ልጅ የእናቱን ማዕድ ለእኛ ሲል የሚለውጥ ከሆነ፣ ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም፤ አንድ ገበታ ብቻ የለመድነው የእኛም ነው።