የመስታወቱ ስርጉድ፣ የአዋሽ ሰማይ

ባለ 130 ሚሊ ሜትር የኒውተን ቴሌስኮፕ ከውጭ ሲያዩት ተራ ቧንቧ ነው። አንድ ጫፉ ክፍት ነው፤ ከታች ስርጉድ መስታወት ተቀምጧል። ወደ ላይኛው አፍ ጠጋ ብላ ብርሃኑን ወደ ጎን፣ ወደ ካሜራው የምትመልስ ትንሽ ጠፍጣፋ መስታወት በአራት ቀጫጭን ብረቶች ተወጥራለች። አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1668 የሠራው የመጀመሪያው ቴሌስኮፕም ሐሳቡ ይኸው ነበር። ትልቁ ጥበብ ያለው ግን በታችኛው መስታወት ፊት ላይ ነው።

የትኩረት ርቀቱ 650 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ የመስታወቱ መሃል ከጠርዙ የሚጎደጉደው 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስርጉዱ የኳስ ቅርጽ ከያዘ ከጠርዝና ከመሃል የሚመለሰው ብርሃን አንድ ነጥብ ላይ አይገናኝም፤ ስለዚህ ሠሪው ወደ ፓራቦላ ሊያመጣው ይገባል። በሁለቱ ቅርጾች መካከል ያለው ልዩነት ጠርዙ ላይ አንድ ሺህኛ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይህን በእጃቸው የሚያወጡ ሰዎች አሉ። ሁለት መስታወቶችን አደራርበው፣ መሃላቸው ውሃና የሚፍቅ ዱቄት ጨምረው፣ ዱቄቱን ደረጃ በደረጃ እያላሙ ይፍቃሉ፤ በመጨረሻም በቅጥራን በተለበጠ ሰሌዳ ያወለውላሉ።

ፍተሻው ከሥራው ይበልጥ ይማርከኛል። ሌዮን ፉኮ እ.ኤ.አ. በ1858 ባወጣው ዘዴ፣ ከመስታወቱ የሚመለሰውን ብርሃን በምላጭ ስለት ቀስ ብለው ሲጋርዱት የፊቱ እብጠትና ጉድጓድ በጥላ ተስሎ ይወጣል። አውራ ጣት ለጥቂት ጊዜ አርፎበት ከተነሣ፣ ሙቀቱ ያሳበጠው ቦታ ኮረብታ መስሎ ይታያል። አንዲት መብራትና አንድ ምላጭ ይህን ያህል ማሳየታቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

እንዲህ የተደከመበት መስታወት የሰማይ ፎቶ ለማንሣት አዋሽ ሰባት ኪሎ ከተማ ሲደርስ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። ከከተማው መብራትና ከጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪኖች ርቆ ጨለማ ማግኘት ቀላሉ ነው። ቀን የጋለው የብረት ቧንቧ ግን ሌሊቱን በ10 ዲግሪ ከቀዘቀዘ 0.08 ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል፤ እንዲህ ያለ ቴሌስኮፕ ደግሞ ያን ያህል የትኩረት መዛነፍ አይችልም። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ በየመሃሉ እየተነሣ ትኩረቱን ያስተካክላል። ከተማው ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሚርቅ የሰሜን ኮከብ አድማሱን ታካ፣ አቧራና ጭጋግ ውስጥ ትገኛለች። ቴሌስኮፑን ከሰማዩ ጋር የሚያዞረው ሞተር መስመሩን የሚይዘው ግን በእሷ አቅጣጫ ነው። የሚዛን ብረቱም በጣም ስለሚያዘነብል ከትራይፖዱ እግር ጋር ሊጋጭ ይችላል። ሞተሩ ከቆመ፣ በሰማይ ወገብ አካባቢ ያለ ኮከብ በአንድ ሰከንድ ብቻ ከአሥር ፒክስል በላይ ይንሸራተታል።

በታኅሣሥ ሌሊት ኦሪዮን እዚህ ከአናት በላይ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ያልፋል። የኦሪዮንን ኔቡላ ሥዕል ሳይ መጀመሪያ የምመለከተው መሃሉን ነው። እዚያ ያሉት አራት ኮከቦች ነጭ ብርሃን ውስጥ ሰምጠው ከሆነ አንሺው ቸኩሏል። የታገሠው አጭርና ረጅም ኤክስፖዠሮችን አዋህዶ፣ ኮከቦቹንም ዳር ዳር ያለውን ስስ ጭስም ያተርፋል። መቶ ፎቶዎችን በአንድ ላይ መደረብ የሥዕሉን ጥራት ከአንዱ ፎቶ አሥር እጥፍ ያሻሽላል፤ ያም ሆኖ ንፋስ ያነቃነቃቸውን ለይቶ መጣል የባለሙያው ዓይን ሥራ ነው። ቀጥሎ የማየው ደማቅ ኮከቦች ላይ የሚወጡትን አራት ጨረሮች ነው። የሚፈጥሯቸው ትንሿን መስታወት የያዙት አራቱ ብረቶች ናቸው፤ ትይዩዎቹ ብረቶች በአንድ መስመር ካልዋሉ ጨረሩ ይሰነጠቃል።

የአንድሮሜዳን ጋላክሲ ላነሣ ሰው ደግሞ የአዋሽ ሸለቆ ልዩ ቦታ ነው። የጋላክሲዋ ብርሃን ወደ እኛ ከተነሣ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆነዋል። በዚያው ዘመን አካባቢ፣ በአዋሽ ወንዝ ወረድ ብሎ ጎና በተባለው የአፋር ምድር፣ እጆች ድንጋይ በድንጋይ እየመቱ ስለት ያወጡ ነበር፤ ከተገኙት ጥንታዊ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጉ አሉ። የመስታወት ፋቂውም ሥራ ድንጋይን በድንጋይ እንደ መቅረጽ ነው።

የአዋሽ ትልቁ ሀብት ግን በስተደቡብ ያለው ነው። የአውሮፓ አንሺዎች አብዛኛዎቹ ከአገራቸው ጨርሶ የማያዩት ኦሜጋ ሴንታውሪ የተባለው የከዋክብት ክምችት እዚህ ከአድማሱ ከ30 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ወደ 17 ሺህ የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ሚሊዮኖች ከዋክብት ተጠጋግተዋል። በደንብ በተነሣ ሥዕል ላይ ክምችቱ ወደ መሃሉ እየጠበቀ ሲሄድ እንኳ ቢጫዎቹ ከነጮቹ ተለይተው፣ እያንዳንዳቸው ክብ ሆነው ይታያሉ። በ130 ሚሊ ሜትር መስታወት ይህን ያወጣ ሰው ትኩረቱን፣ ሞተሩንና ሙቀቱን በአንድ ሌሊት አስማምቷል።