ከሞቱ በፊት ጎታው

የጦርነት ቦታ ላሳያቸው ልጆችን ይዤ ስወጣ አስቀድሜ የምነግራቸው ሰዎቹ እንዴት እንደኖሩ ነው፤ እንዴት እንደሞቱ የሚመጣው ኋላ ነው። መንዝ ውስጥ፣ ዘመሮ፣ ታሪክ አስተምራለሁ። ብዙ ባልደረቦቼ ከቁጥር ይጀምራሉ፤ «ይህን ያህል ሺህ ሰው አለቀ» ብለው ልጁ እስኪደነግጥ ይጠብቃሉ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ በሺህ አይደነግጥም። ጽፎ ይይዘዋል፣ ለፈተና ያጠናዋል፣ ከፈተናው በኋላ ይረሳዋል።

የእኛ አገር ቦታ ዘረት ነው፤ አመፀኛ ዋሻ የሚሉት። በ1931 ዓ.ም. ከአርበኞች መሪው ከአበበ አረጋይ ወገን የሆኑ፣ በተሾመ ሻንቁጥ የሚመሩ አርበኞች ከነቤተሰባቸው ተጠልለውበት ነበር። ቁስለኛ፣ ሽማግሌ፣ እናት፣ ሕፃን ሁሉ እዚያው ነበር። የጣልያን ጦር ከበባቸው። ዋሻው በተኩስ አልበገር ሲል ሚያዝያ 1 ቀን የመርዝ ጋዝ ለቀቁበት። ተሾመ ከጥቂት ሰዎች ጋር በሌሊት ሰብሮ ወጣ። እጃቸውን የሰጡት ወንዶች በመትረየስ ተረሸኑ፤ ከሴቶችና ከሕፃናትም ዋሻው ውስጥ እንዳሉ ያለቁት ብዙ ናቸው። ኢጣሊያ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የጄኔቫ ስምምነት በ1925 እ.ኤ.አ. ፈርማ ነበር።

ጉዳዩን ለውጭው ዓለም ያሳወቀው ጣልያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዮ ዶሚኒዮኒ ነው። በአገሩ የጦር መዝገብ ቤት ካገኘው ሰነድ ተነስቶ በ1998 ዓ.ም. ዋሻው ድረስ መጣ። የሟቾቹን ቁጥር ከ1200 እስከ 1500 ያደርሰዋል። የአገሬው ሰውማ ቦታውን ማንም እስኪያገኝለት አልጠበቀም።

ለእኔ ሥራ ከሰነዱ ይበልጥ የጠቀመኝ ከዚያ በኋላ የመጡት የስፔንና የኢትዮጵያ አርኪዮሎጂስቶች ያዩት ነው፤ አልፍሬዶ ጎንዛሌዝ ሩይባል፣ ዮናታን ሳህሌና ባልደረቦቻቸው። ዋሻው ውስጥ ያገኙት ጥይትና አፅም ብቻ አልነበረም። የእህል ማስቀመጫ፣ ምድጃ፣ ሸክላ፣ የስፌት ዕቃም ነበር። እነዚህን የመንዝ ልጅ ሳይነገረው ያውቃቸዋል፤ ጎታ በአያቱ ቤት ቆሞ አይቷል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት የቤት ሥራ እሰጣለሁ፦ አያታችሁን ጠይቁ፣ አንድ ቤተሰብ ለወር ስንት ቁና እህል ይበቃዋል? ስንት እንስራ ውሃ? ቁስለኛ ሲኖርስ? የጻፉትን ይዘው ይመጡና ቦታው ስንደርስ ለመቶ ቤተሰብ እናባዛዋለን። ያኔ ነው ጥያቄው ከራሳቸው የሚመጣው። «ቲቸር፣ ውሃውን ማን ነበር የሚቀዳው?» «ጭሱ በየት ይወጣል?» «የሚያለቅስ ሕፃን ቢኖርስ፣ ለጠላት አይሰማም?» ይህን የጠየቀ ልጅ የሞቱን ነገር ስነግረው የማን ሞት እንደሆነ ያውቃል።

ቀኑንም በበዓል እነግራቸዋለሁ። ሚያዝያ 1 ቀን 1931 ፋሲካ ነበር። ይህን ስናገር ማብራሪያ አልጨምርም። ሁዳዴን የጾመ ልጅ፣ ለዶሮው ሌሊቱን ያልተኛ ልጅ፣ የቀረውን ራሱ ይሞላዋል።

ወደ ውስጥ ግን ልጅ አላስገባም። ዋሻው የሰው አፅም ያረፈበት ነው፤ ለእኔ መቃብር ነው፣ በመብራት እያበሩ የሚዞሩበት ቦታ አይደለም። «ካላዩ አያምኑም» የሚሉኝ ወላጆች አሉ። አልስማማም። በዋሽንግተን የሚገኘው የሆሎኮስት ሙዚየም እጅግ ዘግናኝ ፊልሞችን የሚያሳየው ከአጭር ግንብ ጀርባ ነው፤ ትልቅ ሰው ጠጋ ብሎ ቁልቁል ያያል፣ ለሕፃን ቁመት አይደርስም። ማየትና አለማየት በሥነ ሕንፃው ተወስኗል። እኛ ግንብ የለንም፤ ግንቡ አስተማሪው ነው። የሂሮሺማው ሙዚየም ደግሞ ቆዳቸው የተላጠ ሰዎችን የሚያሳዩትን አሻንጉሊት ምስሎች በ2017 እ.ኤ.አ. አንስቷል፤ የቀሩት የሟቾቹ የራሳቸው ዕቃዎች ናቸው፤ የሦስት ዓመት ልጅ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት፣ የተማሪ ምሳ ዕቃ። ከብስክሌቱ እስከ ጎታው ያለው መንገድ ሩቅ አይደለም።

አዲስ አበባ የመሄድ ዕድል ሲገኝም ይህንኑ መለኪያ ይዤ ነው። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የራስ ቅል ያሳያል። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ አስፈላጊ ነው፤ ለአምስተኛ ክፍል አይደለም። ለትንንሾቹ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የየካቲት 12 ሐውልት ይሻላል። ደጅ ላይ ነው፣ ማንም ዞሮ ይወጣል። የ1929ኙን እልቂት የሚያሳዩት ቅርጾች እንደ ሥዕል መጽሐፍ በተራ ይነበባሉ። «ይህች ሴት ምን ይዛለች? ይህስ ወዴት ነው የሚያየው?» እያልኩ አዞራቸዋለሁ።

ከሁሉ የሚከብደው አፅሙም ቁጥሩም አይደለም። «ጣልያን ብቻ ነበር የመጣው?» የሚለው ጥያቄ ነው፤ ሁልጊዜም አንድ የሚጠይቅ አይጠፋም። አልነበረም። ከጣልያኖቹ ጋር አስካሪ የሚባሉ የቅኝ ግዛት ወታደሮች ነበሩ፣ ባንዳም ነበር፤ የእኛው ቆዳ፣ የእኛው ቋንቋ። ይህን ዋሽቼ አላልፍም። ነገር ግን አንድ ሕግ አለኝ፦ በጉዞ ላይ የማንም አያት ስም በባንዳነት አይነሳም፤ በጀግንነትም ቢሆን ለማወዳደሪያ አይነሳም። እዚህ አገር የአርበኛውና የባንዳው የልጅ ልጆች አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ፣ አንድ ማኅበር ይጠጣሉ። ቂም የያዘ ሽማግሌ ሲያጋጥመኝም (ያጋጥማል) ታሪኩን እንዲያጫውት እጋብዘዋለሁ፣ ስም ሲጀምር ግን ውሃ እናምጣ ብዬ ልጆቹን አስነሳለሁ።

የዛሬ ተማሪዎቼ ደግሞ ጦርነትን ከመጽሐፍ አልጀመሩትም። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ውጊያ ደብረ ሲና ሲደርስ ገና ፊደል የሚቆጥሩ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህም ተኩስ ከጆሯችን አልራቀም። ስለዚህ ወላጅ ሳይጠየቅ ማንም አይሄድም። መሄድ የማይፈልግ ልጅ ምክንያቱን አይጠየቅም፤ እቤቱ ሆኖ የአያቱን የእህል ስሌት ያጠናቅቃል፣ ማርኩም አይቀነስበትም። የፍንዳታ ድምፅ እያስመሰለ የሚተርክ አስጎብኚ አልቀበልም። መንገዱ ሰላም በማይሆንበት ጊዜ ጉዞውን ትተን አንድ አዛውንት ክፍል ድረስ እንጠራለን፤ ጎታ ሲሠራ ጭቃው ከምን እንደሚቦካ ብቻ ቢነግሩን እንኳ ትምህርቱ ተጀምሯል።

ቦታውን «ለቱሪስት ማልማት» የሚል ሐሳብ በተነሳ ቁጥር የምጠይቀው ጥቂት ነው። እስከ ዋሻው አፍ ድረስ ብቻ የሚያደርስ፣ ልጅ የማይንሸራተትበት የእግር መንገድ። ከዝናብ የሚያስጠልል ዳስ። ሰዎቹ ምን ይበሉ እንደነበር ከሞታቸው በፊት የሚናገር ሰሌዳ። አፅም በመስታወት ሣጥን ይቀመጥ የሚል ከመጣ እቃወማለሁ፤ ሽንት ቤት ይሠራ የሚል ከመጣ ግን ከተማሪዎቼ ጋር ድንጋይ ለመሸከም ዝግጁ ነኝ።