የጩኸት ሰብሳቢና የጩኸት ጸሐፊ

ሂስ የሚፈተነው ሰው ሁሉ በወደደው ድርሰት ላይ አይደለም፤ የተወደደውን ማመስገን ቀላል ነውና። የሚፈተነው ብዙ ሰው ጆሮውን ይዞ በሚሸሸው ነገር ላይ ነው። ስለዚህ በዚህ ወር አንባብያን ቢሰሙት ምናልባት ሬዲዮው ተበላሸ ብለው የሚያጠፉትን አንድ የጥበብ ዓይነት፣ ይልቁንም ይህን ጥበብ በካሴት እየሰበሰቡ ስለ እርሱ የሚጽፉትን ሰዎች ሥራ ልንመረምር ወደናል። ይኸውም ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጃፓን አገር የተስፋፋው የጩኸት ሙዚቃ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተነገሩ መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

ይህ ሙዚቃ ዜማ የለውም፤ የሚያስጨበጭብ ምት የለውም፤ ብዙውን ጊዜም ቃል የለውም። በስብሰባ አዳራሽ ማይክሮፎን ወደ ድምፅ ማጉያው ሲጠጋ የሚወጣውንና ተናጋሪውን የሚያስደነግጠውን ፉጨት ሁላችንም እናውቀዋለን። ምክንያቱም ማጉያው ያወጣው ድምፅ ተመልሶ ወደ ማይክሮፎኑ ይገባል፤ እንደገና ይጐላል፤ ደግሞም ይመለሳል። ሌላው ሰው ይህን ፉጨት ለማጥፋት ሲሮጥ የጃፓን ጩኸተኞች ግን ፉጨቱን ራሱን የሙዚቃ መሣሪያ አደረጉት። በዚያ ላይ በቁርጥራጭ ብረት ላይ ማይክሮፎን ይለጥፋሉ፤ የተቀዳውን ክር ቈርጠው ጫፉን ከጫፉ አጋጥመው ያዞሩታል፤ ድምፁንም መሣሪያዎቹ ሊሸከሙት ከሚችሉት በላይ ያሳድጉታል።

አሳቡ በመሠረቱ ከጃፓን አልፈለቀም። ሉዊጂ ሩሶሎ የተባለው ኢጣልያዊ በ1913 ባወጣው ጽሑፍ የፋብሪካና የከተማ ድምፅ በሙዚቃ ውስጥ ስፍራ ሊሰጠው ይገባል ሲል ተከራክሮ ነበር። ነገር ግን አሳቡን በብዛትም በድፍረትም ከሁሉ አስበልጠው የሠሩበት ጃፓናውያን ናቸው ቢባል ሐሰት አይሆንም። በ1979 የቶኪዮው ተወላጅ ማሳሚ አኪታ «መርዝባው» በሚል ስም ሥራውን ጀመረ። በዚያው ዓመት ጆጆ ሂሮሺጌና ጓደኞቹ «ሂጆካይዳን»፣ ማለት «የአደጋ ጊዜ መውጫ ደረጃ» የሚባለውን ጓድ አቋቋሙ። በ1981 ቶሺጂ ሚካዋ ኋላ ፉሚዮ ኮሳካይ የተጨመረበትን «ኢንካፓሲታንትስ» ጀመረ። በ1984 ደግሞ ሂሮሺጌ በኦሳካ «አልከሚ» የተባለውን አሳታሚ ድርጅት መሠረተ።

ስለ ስሙም አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። በጃፓንኛ በጐረቤት ወይም በመንገድ ላይ ለሚያስቸግር ጩኸት «ሶኦን» የሚል ቃል አለ። ሙዚቀኞቹ ግን ይህን ትተው ከባሕር ማዶ የመጣውን «ኖይዙ» የሚለውን ቃል መረጡ። በእኛም ቋንቋ ሁካታ፣ ጫጫታ፣ ዋካታ፣ ጩኸት እያልን የምንለያቸው አሉ። ሁካታና ጫጫታ ሰው ተሰብስቦ የሚያሰማቸው ናቸው፤ ጩኸት ግን ከሰውም ከብረትም ሊወጣ ይችላልና ለዚህ ጽሑፍ እርሱን መርጠናል።

አሁን ወደ ካሴቱ እንምጣ። ካሴትን የፊሊፕስ ኩባንያ በ1963 ለሕዝብ አቀረበው። ክሩ 3.81 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ በሴኮንድም 4.76 ሴንቲሜትር ይጓዛል። እንግዲህ በአንድ ወገን 30 ደቂቃ የሚጫወት ካሴት ወደ 86 ሜትር የሚጠጋ ክር በዚያች ትንሽ ሣጥን ውስጥ ተጠቅልሎ ይዟል ማለት ነው። መርዝባው በተጀመረበት በ1979 የሶኒ ኩባንያ በኪስ የሚያዘውን ዎክማን ለገበያ አወጣ። ሸክላ ለማሳተም ፋብሪካና ብዙ ገንዘብ ያስፈልግ ነበር፤ ካሴትን ግን መቅረጸ ድምፅ ያለው ሰው ሁሉ በቤቱ ሊያባዛው ይችላል። አኪታ «ሎወስት ሙዚክ ኤንድ አርትስ» በሚለው የራሱ ምልክት ያወጣቸውን የመጀመሪያ ካሴቶች፣ ሽፋናቸውን በፎቶ ኮፒ እያባዛ፣ በፖስታ ቤት በኩል ወደ ውጭ አገር ይልክ ነበር። እንደ እርሱ ያሉ ሰዎችም የየራሳቸውን ካሴት በለውጥ ይልኩለት ነበር። በዚህ ዓይነት የጃፓን ጩኸት ያለ ነጋዴና ያለ ሬዲዮ ጣቢያ ዓለምን ዞረ።

ክሩ ዕቃ መያዣ ብቻ አለመሆኑን ግን ልብ ማለት ይገባል። በክሩ ላይ የተቀባው የብረት ዝገት ዱቄት ሊሸከመው የሚችለው የድምፅ ኃይል ልክ አለው። ከልኩ ሲያልፍ ድምፁ ይታፈናል፤ ይወፍራል፤ ይበላሻል። ከካሴት ወደ ካሴት በተገለበጠም ቍጥር የክሩ የራሱ ሽውታ ይጨመርበታል። በዘፈን ካሴት ላይ ይህ ጉዳት እንደ ሆነ ማንም ያውቀዋል። በጩኸት ካሴት ላይ ግን ደራሲው የሠራው የት እንዳበቃ፣ ክሩ የጨመረውም ከየት እንደሚጀምር መለየት እጅግ ያስቸግራል። የሂሱ ችግር የሚነሣው ከዚህ ነው። የአምስተኛ እጅ ግልባጭ ያደመጠ ጸሐፊና የመጀመሪያውን ያደመጠ ጸሐፊ ስለ አንድ ሥራ የሚናገሩ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ያደመጡት ሁለት የተለያየ ድምፅ ነው።

ስለዚህ የሰብሳቢው ሥራ የሚናቅ አይደለም። በ50 ወይም በ100 ቅጂ ብቻ የወጣን ካሴት መንግሥታዊ ቤተ መጻሕፍት አይፈልገውም፤ ነጋዴም አያስቀምጠውም። ያን ካሴት ከእርጥበትና ከሻጋታ ጠብቆ ያቈየ፣ ማን እንደ ሠራው፣ የት እንደ ወጣ፣ በየትኛው ዓመት እንደ ተቀዳ መዝግቦ የያዘ ሰው የታሪክ አገልጋይ ነው። እርሱ ባይኖር ኖሮ ሐያሲው ስለ ወሬ እንጂ ስለ ሥራው ሊጽፍ ባልቻለም ነበር።

ነገር ግን ስብሰባ የራሱ በሽታ አለው። አኪታ «መርዝባው» የሚለውን ስም የወሰደው ጀርመናዊው ሠዓሊ ኩርት ሽቪተርስ በሃኖቨር ከተማ ከውዳቂና ከተጣለ ዕቃ ሲያንጽ ከኖረው ቤት ነው፤ ያም ቤት በ1943 በቦምብ ጠፋ። እንግዲህ ስሙን ከውዳቂ የወረሰ፣ ሥራውንም ከቁርጥራጭ ብረት የጀመረ ጥበብ፣ ዛሬ እንደ ወርቅ እየተመዘነ በመደርደሪያ ላይ ተዘግቶበት ይኖራል። ብዙዎቹ የሰብሳቢ ጽሑፎችም ስለ ካሴቱ ቅጂ ቍጥር፣ ስለ ሽፋኑ ወረቀት፣ ስለ ዋጋው በሰፊው ሲተርኩ ስለ ድምፁ ግን ሁለት መስመር እንኳ አይሰጡም። በ2000 «ኤክስትሪም» የተባለው የአውስትራሊያ አሳታሚ የመርዝባውን ሥራ በ50 ዲስክ ሰብስቦ «መርዝቦክስ» በሚል ስም አውጥቷል። እያንዳንዱ ዲስክ አንድ ሰዓት ገደማ ቢሆን ሁሉን ለማድመጥ 50 ሰዓት ግድ ነው። የመርዝባው ሥራዎች በጠቅላላው ከ400 በላይ ናቸው። ገዝቶ ያስቀመጠ ሁሉ አድምጧል ብሎ ማመን የዋህነት ነው፤ ሳያደምጡ ማመስገን ደግሞ ሳያነቡ መፈረም ነው። በፋይል የምንውል ሰዎች የዚህን ነውር መጠን እናውቀዋለን።

ስለዚህ ሙዚቃ የሚጽፉትም ሰዎች በሦስት ጕድጓድ ውስጥ ሲወድቁ እናያለን። አንደኛው የቅጽል ብዛት ነው። «ጆሮ የሚሰነጥቅ፣ አንጐል የሚያፈርስ፣ እንደ ማዕበል የሚያጥለቀልቅ» እያሉ ገጹን ይሞሉታል። እነዚህ ቃላት ለሁሉም ካሴት እኩል ስለሚስማሙ አንዱን ከሌላው አይለዩም፤ የማይለይ ቃል ደግሞ ለሂስ አይጠቅምም።

ሁለተኛው የተረት ፍቅር ነው። በ1985 «ሃናታራሽ» የተባለው ጓድ መሪ ያማታካ አይ በቶኪዮ በሚገኝ አዳራሽ ውስጥ መሬት መቆፈሪያ መኪና ይዞ ገብቶ አዳራሹን አፍርሷል። ነገሩ የታወቀ እውነት ነው፤ በፎቶግራፍም ተመዝግቧል። ነገር ግን ስለ ጃፓን ጩኸት የሚጽፍ ሁሉ ከዚህ ታሪክ ካልጀመረ የማይሆንለት ይመስል ይደጋግመዋል። ከታሪኩ በኋላ ካሴቱን ያደምጥ እንደ ሆነ ግን ጽሑፉ አይነግረንም።

ሦስተኛውና የከፋው ጕድጓድ ሙዚቃውን በሕዝቡ ባሕርይ መተርጐም ነው። አንዳንዶቹ ጩኸቱን ከአቶሚክ ቦምብ ጋራ ያያይዙታል፤ ሌሎቹ ከቶኪዮ ባቡር መጨናነቅ፤ ሌሎቹም ዝም ብሎ ከሚታዘዝ ሕዝብ ከታፈነ ቍጣ የወጣ ነው ይላሉ። ይህ በእኛ አገር ቅኔ ሰምን ገፍፎ ወርቅን እንደ መፈለግ ያለ መስሏቸዋል። ነገር ግን የቅኔ ወርቅ በሰሙ ቃል ውስጥ ካልተቀመጠ ፈቺው ከኪሱ ሊያወጣው አይፈቀድለትም። በዚህ ረገድ አሜሪካዊው ምሁር ዴቪድ ኖቫክ በ2013 ያሳተመው «ጃፓኖይዝ» የተባለ መጽሐፍ ብዙ ያስተምራል። ኖቫክ እንደሚያስረዳው የጃፓን ጩኸት የሚባለው ነገር አንድ ወጥ የጃፓን ፍሬ ሆኖ የተገኘው በጃፓንና በሰሜን አሜሪካ መካከል ካሴትና ሸክላ፣ ወሬም ሲመላለስ ነው። ለምሳሌ በማሳቹሴትስ ግዛት የሎዌል ከተማው «አር.አር.አር. ሪከርድስ» የጃፓናውያኑን ሥራ በአሜሪካ አሳትሟል፤ የአሜሪካ አድማጮች የሰጡትም ስም ወደ ጃፓን ተመልሶ ሙዚቀኞቹ ስለ ራሳቸው የሚያስቡትን ለውጧል። ይህም እንደ ማይክሮፎኑ ፉጨት ነው፤ የወጣው ተመልሶ ይገባል፤ ጐልቶም ይወጣል።

እንግዲህ ሐያሲው ምን ይጻፍ? በመጀመሪያ የሚሰማውን ይጻፍ፤ ቀጥሎም ይፍረድ። ለምሳሌ «ኦብ» በሚል ስም የሠራውን የኪዮቶውን አኪፉሚ ናካጂማን እንመልከት። በ2013 ያረፈው ይህ ሰው ለአንድ ሥራ አንድ ምንጭ ብቻ የመምረጥ ሕግ ለራሱ አወጣ፤ አንድ ጊዜ ውሃ፣ አንድ ጊዜ የመብራት አምፖል፣ አንድ ጊዜም የመጽሐፍ ቅዱስ ገጾች። አድማጩ ውሃው ከየት ተነሥቶ በምን ደረጃ ውሃ መምሰሉን እንደሚተው ሊከታተል ይችላል። ራስን በሕግ መወሰን ሥራውን እንዴት እንደሚያጠነክረው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በእኛ ፍርድ ናካጂማ ከጓደኞቹ ሁሉ ለሂስ የሚመች፣ ለአዲስ አድማጭም በር የሚከፍት ነው።

ኢንካፓሲታንትስን የወሰድን እንደ ሆነ ሁለቱ ሰዎች ለብዙ ዓመት ቀን ቀን የቢሮ ሰዎች ነበሩ፤ ሚካዋ በባንክ፣ ኮሳካይ በመንግሥት መሥሪያ ቤት። በ1996 ካወጧቸው ሥራዎች አንዱ ርእሱ ሲተረጐም «ዕዳ የሌለበት ሀብት» ማለት ነው። ይህ የሒሳብ ሹም ቀልድ ነው። በሕዝብ ቍጣና በቦምብ ትርጓሜ የተጠመደ ጸሐፊ ይህን ቀልድ አይሰማውም። ድምፃቸውም ቢሆን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሙሉ ሆኖ የሚፈስ፣ የሁለት ሰዎች እጅ ሲሽቀዳደም የሚሰማበት፣ ከቍጣ ይልቅ ወደ ፈንጠዝያ የሚያደላ ነው።

መርዝባው ለፍርድ ከሁሉ የከበደ ነው። በ1996 በሲዲ የወጣው «ፐልስ ዲመን» ስለት እንዳለው ብረት የጠራ ነው። የ1980ዎቹ መጀመሪያ ካሴቶች ግን በክሩ ታፍነው፣ ሸካራና ጨለማ የሆኑ፣ የብረቱም መንኳኳት ከሩቅ ክፍል የሚመጣ የሚመስል ናቸው። ብዙ ሰው ኋለኛውን ያስበልጣል፤ እኛ ግን የፊተኞቹን እንመርጣለን። በእነርሱ ውስጥ ደራሲውና ክሩ ሲታገሉ ይሰማል፤ በኋለኛው ደራሲው ያለ ተቃዋሚ አሸንፏል።

ስለ ሽፋኖቹም ዝም ማለት አይገባም። ከቀደሙት የመርዝባው ካሴቶች ብዙዎቹ ከነውረኛ መጽሔቶች በተቈረጡ የሴቶች ፎቶግራፎች የተሸፈኑ ነበሩ። ሰብሳቢዎቹ ይህን «የዘመኑ ምልክት» ብለው በአንድ ቃል ያልፉታል። ሽፋኑ የሥራው ክፍል ነው ብለው በዋጋ የሚያስከፍሉበት ከሆነ በፍርድም ሊቈጠር ይገባዋል። አኪታ ራሱ ከ2000ዎቹ ወዲህ ሥጋ መብላትን ትቶ ለእንስሳት መብት ተከራካሪ ሆኗል፤ በ2006 ያወጣው «ብለዲ ሲ» የተባለ ሥራው የዓሣ ነባሪ አደንን የሚቃወም ነው። ስለ ፍጡር ሥቃይ የሚናገር ደራሲ፣ በፊተኛው ሥራው ስላሳየው የሰው ሥጋ ቢጠየቅ ጥያቄው የተገባ ነው። ጩኸት ትርጕም የለውም የሚለው መሸሸጊያ ከዚህ ጥያቄ አያድነውም።

አንባቢ ምናልባት «ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ይል ይሆናል። በአገራችንም ሸክላ በካሴት ከተተካ በኋላ የብዙ ድምፃውያን ሥራ በካሴት ብቻ ወጥቷል፤ አዲስ ሥራ ማሳተምም «ካሴት ማውጣት» ተብሎ እስኪጠራ ድረስ ቃሉ ገንኗል። የዘፈኑም የጩኸቱም ክር አንድ ዓይነት ነው፤ እኩል ያረጃል፤ እኩል ይሻግታል። ጃፓናዊውን ጩኸት የሰበሰበ ሰው በስንት ቅጂ እንደ ወጣ ሳይቀር መዝግቦት ሳለ፣ በየሣጥናችን ያለው የዘፈን ካሴት በክራር ማን እንዳጀበው እንኳ ያልተጻፈበት ብዙ ነው። ካሴት ያለው መምህር ወይም ተማሪ ክሩ ከማለቁ በፊት ያድምጠው፤ የሠሪውን ስም፣ ዓመቱንና ስፍራውን፣ ግልባጭ መሆን አለመሆኑንም በወረቀት ያስፍር፤ ቀጥሎም የሰማውን በራሱ ቃል ይግለጥ። ፍርዱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።