ዳንቴል የለበሰች ማተሚያ

ባለፈው ክረምት አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬን ልጠይቅ ሳጉሬ ብቅ ብዬ ነበር። ሰውዬው ጡረታ ከወጣ ወዲህ የአርሲ ሽማግሌዎችን ወግ ይሰበስባል፤ ከኦሮምኛው ወደ አማርኛ እየመለሰ ኮምፒውተር ላይ ይጽፋል። 200 ገጽ ግድም ደርሷል።

«በል አምጣው ላንብበው» ስለው አንገቱን ደፋ። ጥግ ላይ ዳንቴል የለበሰች ማተሚያ ተቀምጣለች። «ቀለሟ ደርቋል። ከጥምቀት ወዲህ አልነካኋትም ነበር» አለኝ።

«ለምን ይቺን ገዛህ?»

«ባለ ቀለሟ ከጥቁሯ ረክሳ ስትገኝ ምን ላድርግ?»

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ኢንክጄት የሚባለው ማተሚያ ፈሳሽ ቀለም ከፀጉር በቀጠኑ ቀዳዳዎች እየረጨ ይጽፋል። ሳምንታት ሥራ ከፈታ ቀለሙ ቀዳዳው አፍ ላይ ይደርቃል። አጽዳ ቢሉት ደግሞ የሚያጸዳው በዚያው በቀለሙ ነው፤ አንድ መስመር ሳይጻፍ ቀለሙ ያልቃል። ሌዘር ግን ፈሳሽ የለውም። ቶነር የተባለውን ደቃቅ ዱቄት ወረቀት ላይ አስፍሮ በሙቀት አቅልጦ ያጣብቀዋል። ዱቄት አይደርቅም፤ ስድስት ወር ተኝቶ ቢነሳም ይሠራል። ውሃ ቢነካውም እንደ ብዙዎቹ የኢንክጄት ቀለሞች አይጨማለቅም። በሐምሌ ዝናብ ማመልከቻ በኪሱ ይዞ ከሳጉሬ አሰላ ለሚሄድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ርካሽ ነው የተባለውስ? አነስተኛ የኢንክጄት ካርትሪጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ገጽ ያትማል፤ የቤት ሌዘር ቶነር ግን ከ1,000 ገጽ በላይ ይሄዳል። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ዋጋ ማባበያ ናት፤ ሂሳቡ የሚመጣው በቀለም በኩል ነው።

ሌዘሩም ቢሆን እንከን አያጣም። ሲሞቅ በአንዴ ብዙ መቶ ዋት ይስባል፤ መብራቱ በደከመ ሰፈር ያስቸግራል። ለፎቶግራፍም አይመረጥም። ልጆች በየሳምንቱ ባለ ቀለም የትምህርት ሥራ የሚያትሙበት ቤት ከሆነ፣ ቀለሙ ከጠርሙስ እየተገለበጠ የሚሞላው ባለ ታንክ ኢንክጄት ያዋጣል። ቁምነገሩ በየሳምንቱ መሥራቱ ነው፤ ሥራ ከፈታ እሱም ይደርቃል።

ወዳጄ ግን የሚያትመው ጥቁር ፊደል ነው፤ ያውም አልፎ አልፎ። ቀይና ሰማያዊው ለማን ነው? የድሮ ብራና ጸሐፊዎቻችን ቀይ ቀለም ለቅዱሳን ስምና ለርእስ፣ ጥቁሩን ለተቀረው ሲያውሉ ምክንያታቸውን ያውቁ ነበር። እኛ ዕቃ የምንገዛው ለሥራው ሳይሆን ለእንግዳ ዓይን ነው። ዳንቴሉ ምስክር ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ቅርጽ ይዘትን ያገለግላል እያልኩ ስንት ዓመት ጮህኩ! የእኔም ቤት ቢፈተሽ ከዚህ አይሻልም፤ እሱን ሌላ ጊዜ አጫውታችኋለሁ።

«ለመሆኑ ሽማግሌዎቹ ጽሑፉን አይተውታል?» ስል ጠየቅሁት።

ዝም አለ። ኋላ እንደነገረኝ፣ ግማሹን ወግ ያወጉት አባት ቃላቸው ወረቀት ላይ ሰፍሮ በእጃቸው እንዲይዙት ደጋግመው ጠይቀውት ነበር። «ነገ ቀለም አስመጣለሁ» ሲላቸው ሚያዝያ ላይ አረፉ።

በማግስቱ ጽሑፉን በፍላሽ ይዘን አሰላ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባን። ለካስ በዓመት ሁለቴ ለሚያትም ሰው ቤት ውስጥ ማተሚያ ጭራሽ ላያስፈልገው ይችላል! 200ው ገጽ በሌዘር ታትሞ ያለቀው ቡናችንን ጠጥተን ሳንጨርስ ነው። ወዳጄ ትኩሱን ወረቀት ተቀብሎ የመጀመሪያውን ገጽ ለብቻ አጠፈው።

«ይቺን ለልጃቸው እሰጣታለሁ» አለ።